ያለ ፈቃድ ስለ ተነሣ አንድ ሰው

የካቲት 17 ቀን 1991 ዓ.ም.
ደሴ፣ ፒያሳ

ለክቡር አቶ ስለሺ ወንድይፍራው
የወንዝ ዳር መናፈሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ በጽሕፈት ቤትዎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው ስለሚገኙት ስለ አቶ ሙሄዲን

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎን፣ የባልደረቦችዎንና የማኅተምዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ይህ ሰላምታ ከደሴ ብርድ ተነሥቶ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ በመናፈሻዎ በር ላይ ፈቃድ ተጠይቆ እንዳይመለስብኝ ስለ ሰጋሁ፣ በፖስታው ጀርባ «ሰላምታ ነው፤ ገብቶ ይወጣል፤ ምንም ይዞ አይሄድም» ብዬ በጉልህ ጽፌበታለሁ። ፈጣሪ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም ይስጥልኝ።

የሚጽፍልዎ ሰው ፈንታሁን ስማቸው ይባላል። ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ በደሴ ፒያሳ በአንዲት ጠባብ ፎቶግራፍ ቤት ውስጥ የሰውን መልክ ሳነሣ ኖሬአለሁ። ከዚያ በፊት ግን ተማሪ ነበርሁ። ቁም ጽሕፈት ያስተማሩን የኔታ፣ በንጉሡ ሠ ቦታ እሳቱን ሰ የጻፈ ልጅ ሲያገኙ፣ ስሕተቱ በመጨረሻው መስመር ላይ ቢሆንም እንኳ፣ ብራናውን በሙሉ አስፍቀው ከመጀመሪያው ቃል ያስጀምሩት ነበር። ያ ልጅ ብዙ ጊዜ እኔ ነበርሁ። ይህን የምነግርዎ ከዚህ በታች ስለ አንዲት ፊደል አጥብቄ ስናገር የሽማግሌ ጭቅጭቅ እንዳይመስልዎ ነው። ሌላ ቅርስ የለኝም፤ ያለኝ ይኸው ነው፤ አንድ ካሜራና በትክክል የምጽፈው ስሜ።

በጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ የተሰቀለው የአስተያየት ሳጥን ላይ «ለምስጋና» የሚል ብቻ ተጽፎ ስላየሁ፣ የሚሰማኝን ሁሉ ከሳጥኑ ጠባይ ጋር አስማምቼ፣ በምስጋና መልክ ቆጥሬ ማቅረብን መርጫለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ሰሌዳው አመሰግናለሁ።

ክቡርነትዎ ወደ ኮምቦልቻ ተዛውረው ከመምጣትዎ በፊት፣ የጭነት መኪና ባለቤቶች ከወንዙ ዳር አሸዋና ድንጋይ እየጫኑ መናፈሻውን ስለ ቦረቦሩት፣ በበሩ ላይ አንድ የቆርቆሮ ሰሌዳ ተተክሎ ነበር። ሰሌዳው ሁለት መስመር ነበረው። ላይኛው «ከዚህ ቦታ አሸዋና ድንጋይ» ይላል፤ ታችኛው «ያለ ፈቃድ ማንሳት ክልክል ነው» ይላል። ሁለት ክረምት ከዘነበበት በኋላ የላይኛው መስመር ቀለም ታጥቦ ወረደ፤ የታችኛው ግን፣ ክልከላ ከአሸዋም ከድንጋይም ይልቅ የሚበረታ ነገር ስለሆነ ይመስለኛል፣ እንዳለ ቀረ። ክቡርነትዎ ሥራ በጀመሩበት ሳምንት መናፈሻውን ሲጎበኙ፣ ከዋርካው ሥር ሙሽሮች ሲነሡ አይተው፣ ወደ ሰሌዳውም ዘወር ብለው፣ «የእነዚህ ፈቃድ የታለ?» ብለው ጠየቁ ይባላል። እንዲህ ያለ ፈቃድ በዓለም ላይ እንዳልነበረ ሊነግርዎ የደፈረ ባልደረባ አልተገኘም። በማግሥቱ ፈቃድ ተፈጠረ። ዝናብ ያረቀቀው መመሪያ ይህን ያህል ፈጥኖ ሥራ ላይ ሲውል በሰባ አንድ ዓመቴ አላየሁም።

ስለ ሰሌዳው አንድ ነገር ብቻ በትሕትና ልጨምር። በአማርኛችን ድንጋይ ይነሣል፤ ሙሽራ ይነሣል፤ የተኛ ሰውም ይነሣል። ሦስቱም የሚጻፉት በንጉሡ ሠ ነው። ሰሌዳው በእሳቱ ሰ ጽፎታል። ቃሉ ሦስት ሸክም ተሸክሞ ሳለ ፊደሉን ደግሞ መንፈግ ጭካኔ መስሎ ስለ ታየኝ፣ ባለፈው ዓመት በራሴ ቀለምና በራሴ ብሩሽ ላርመው ጠይቄ ነበር። ሰሌዳውን ለማረም ሰሌዳውን ከምሰሶው ማንሣት እንደሚያስፈልግ፣ ለዚያም ፈቃድ እንደሚጠይቅ በአክብሮት ተነገረኝ።

ሁለተኛ፦ ስለ ቅጹ አመሰግናለሁ።

ፈቃዱ በአንድ ቀን ስለ ተወለደ ልብስ የሚሰፋለት ጊዜ አልነበረምና፣ ለአሸዋ ተዘጋጅቶ የነበረው ቅጽ ለሙሽሮች ዋለ። ጥር 20 ቀን፣ በደሴ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ነዋሪ የነበሩትን የልብስ ሰፊውን የአቶ ሙሄዲንን ልጅ የከድጃን ሠርግ ለማንሣት ባመለከትሁ ጊዜ፣ የፈቃድ ክፍል ባለሙያዎ ወይዘሪት ነፃነት ቅጹን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ ጨዋ ያሳደጋቸው ይባረክ። «የሚነሳው ዓይነት» ለሚለው «ሙሽራና ሙሽሪት» ብዬ ሞላሁ። «ብዛት በሜትር ኩብ» ለሚለው «ሁለት ሰዎች» ብዬ ብጽፍ፣ በሜትር ኩብ ካልሆነ መዝገቡ እንደማይቀበለው ስላስረዱኝ፣ ሙሽራው ሚስባህ ቁመተ ረጅም መሆኑን፣ የሙሽሪት ቬሎም ከወገብ በታች ሰፋ ማለቱን ከግምት አስገብተን፣ ሁለታችንም ሳንጨቃጨቅ ሦስት ሜትር ኩብ ላይ ተስማማን። «የሚራገፍበት ቦታ» ለሚለው «ሳሎን፣ ግድግዳ ላይ» ብዬ ጻፍሁ። ወይዘሪት ነፃነት ፊታቸውን በመዝገቡ ጋርደው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ከቆየ በኋላ ማኅተሙን መቱበት። እኔ አልሳቅሁም። በመንግሥት ወረቀት ፊት መሳቅን ማንም አላስተማረኝም፤ ይህም ጉድለቴ በኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

የተሰጠኝን ፈቃድ ቃል በቃል እገለብጥልዎታለሁ። «ሙሽሮቹ እሁድ ጥር 23 ቀን ከ4፡30 እስከ 5፡00 ሰዓት ድረስ ከቦታው እንዲነሱ ተፈቅዷል።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «በቦታው» መባል ሲገባው «ከቦታው» ያለችው አንዲት «ከ» ከአሸዋው ቅጽ የቀረች ናት። አይቻታለሁ። አይቼም ዝም አልሁ፤ ወረፋው ረጅም ነበርና። ስለዚያ ዝምታ የኔታ ቢኖሩ ኖሮ ከመጀመሪያው ቃል ያስጀምሩኝ ነበር።

ሦስተኛ፦ ስለ ሰዓት ድልድሉ አመሰግናለሁ።

ዘንድሮ ረመዳን የወጣው ጥር ከገባ በኋላ ነው፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ በየካቲት መጀመሪያ ገባ። በሁለቱ መካከል በቀሩት ጥቂት እሑዶች የወሎ ሙስሊምም ክርስቲያንም ልጁን ለመዳር ተጋፋ። ደሴ በጭጋግ ስትሸፈን ፀሐይ ፈልጎ የሚወርደው ሙሽራ ሁሉ የሚገናኘው ኮምቦልቻ፣ ከዚያች አንዲት ዋርካ ሥር ነው። ጥር 23 ቀን ዐሥራ አንድ ሠርግ ነበረ። ጽሕፈት ቤትዎ ለአራቱ አንድ ዓይነት ግማሽ ሰዓት ሰጥቷቸው ነበር፤ ቅጹ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚነሣ እንጂ ስንት ዋርካ እንዳለ አይጠይቅምና።

ክቡርነትዎ ምናልባት አያውቁት ይሆናልና ልንገርዎ፤ ፈቃድ ከመፈጠሩ በፊት እኛ ፎቶ አንሺዎች የራሳችን ወግ ነበረን። ከሙሽሮቹ ጋር በዕድሜ የገፋ ወይም የታመመ ሰው ያለበት ቀድሞ ይነሣል፤ ሌላው ጫማውን እየወለወለ ይጠብቃል። በዚህ ወግ የተጣላ የለም። በዚያች እሑድም፣ ሰዓታችን ተቆርጦ በየኪሳችን ሳለ፣ ያው አሮጌ ወግ ሠርቷል።

አቶ ሙሄዲን ሦስት ወር ሙሉ ከአልጋ ያልተነሡ ሰው ነበሩ። ከሠርጉ ሁለት ቀን ቀደም ብለው «ፈንታሁን፣ ተኝቼ አታንሣኝ፤ አንሣኝ ካልሁህ ቆሜ ነው» ብለው ልከውብኝ ነበር። በሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተኝተው ሐረጎን ወረዱ። ከዋርካው ሥር ስንደርስ ለአምስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነበረ። ከእኛ በፊት የቆሙት የክርስቲያን ሙሽሮች አይተዋቸው ገለል አሉ፤ ሙሽሪቷም ቬሎዋን ሰብስባ «ይለፉ አባባ፣ እኛ ገና ብዙ እንቆማለን» አለች። አቶ ሙሄዲን የያዟቸውን ሁለት ጎረምሶች «ልቀቁኝ፤ ልጄ ናት የምትዳረው እንጂ እኔ አይደለሁም የምዳረው» ብለው ሳቅ አስነሡና ሦስት ርምጃ ብቻቸውን ተራምደው ከከድጃ ጎን ቆሙ። ሦስት ጊዜ አነሣኋቸው።

ፊሽካው የተነፋው ያን ጊዜ ነው። ጥበቃዎ በሺር ፈቃዱን ዘርግቶ መጣና «ጋሼ ፈንታሁን፣ ወረቀቱ እስከ አምስት ሰዓት ይነሡ ይላል፤ አምስት ሰዓት ሞላ» አለኝ። «ተነሥተዋል እኮ ልጄ፣ ሦስት ጊዜ ተነሥተዋል» ብዬ ብመልስለት፣ «ወላሂ አልተነሡም፤ ይኸው ከነጫማቸው ቆመው የለ? የት ሄዱ?» ብሎ ተከራከረኝ። ከሚዜዎቹ አንዱ «በሺር፣ አንተ አሁንም አሸዋ የምትጠብቅ ይመስልሃል» ቢለው፣ በሺር «አሸዋማ በምን ዕድሌ፤ አሸዋ መቼ ይከራከራል» ብሎ መለሰለት፤ ዋርካው ሥር የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አቶ ሙሄዲንም ሳቁ። ከዚያ በሺር ካሜራዬን ከአንገቴ ላይ በሁለት እጁ አወጣ። «አብሽሩ፣ ለአፍታ ነው፤ ቢሮ አሳይቼ እመልሳለሁ» አለ። ያች አፍታ ዛሬ ሃያ አራት ቀን ሆናታለች።

ክቡር ሆይ፣ በሺርን ልከስልዎ አልችልም። ሌሊቱን ሁሉ አስቤበታለሁ። «እስከ አምስት ሰዓት ከቦታው ይነሡ» የሚለውን ያነበበ አማርኛ ዐዋቂ፣ በአምስት ሰዓት ቦታው ባዶ እንዲሆን ቢጠብቅ ሰዋስው ከእርሱ ጋር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የተጻፈውን እንደ ተጻፈ እንዲያነብ ስቆጣ ኖሬ፣ የመጀመሪያውን እንደ ተጻፈ የሚያነብ ሰው ባገኘሁበት ቀን ካሜራዬን ወሰደው።

አራተኛ፦ ስለ ግልጽነት አመሰግናለሁ።

አቶ ሙሄዲን የካቲት 5 ቀን፣ ዓርብ፣ ቧንቧ ውሃ በሚገኘው ቤታቸው ዐረፉ። ከዋርካው ሥር ከቆሙ ወዲህ ዳግመኛ አልቆሙም። ከልጃቸው ጋር በሠርጓ ቀን ቆመው የታዩበት ምስል በእርስዎ ቁም ሣጥን ውስጥ ባለው ካሜራ፣ ባልታጠበው ፊልም ላይ ነው፤ ሌላ ሰው አላነሣቸውም፤ ሌላ ፊልም የለም።

በዚያው ሳምንት ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ እንደ ተቋቋመና፣ ኮሚቴውም ዓርብ የካቲት 19 ቀን ካሜራውን ከፍቶ ከአምስት ሰዓት በፊት ስንት፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ ስንት እንደ ተነሣ ቆጥሮ እንደሚለይ በደብዳቤ አስታወቁኝ። ማንበብ እንደጨረስሁ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ከቢሮዎ ገባሁ። ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ያየ እንደሆነ እንደሚቃጠል፣ ኮሚቴው ሲከፍተው የሚያገኘው አንድም ሰው የሌለበት ጥቁር ላስቲክ እንደሚሆን ቁሜ አስረዳሁ። ክቡርነትዎ ወንበር ሳይሰጡኝ በትዕግሥት ከሰሙኝ በኋላ፣ መሥሪያ ቤትዎ በግልጽነት መርህ እንደሚሠራ፣ ማስረጃ ደግሞ በብርሃን ይወጣል እንጂ በብርሃን ይጠፋል ሲባል ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። አነጋገሩ ውብ ነበር። ስብሰባ ላይ ብሰማው ኖሮ አጨበጭብ ነበር።

በካሜራው ራስ ላይ አንዲት ትንሽ እጀታ አለች። እርሷን ለአንድ ደቂቃ ያህል ማሽከርከር ፊልሙን ወደ ጎጆው፣ ብርሃን ወደማያስገባው ማኅደሩ፣ ይመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ክዳኑን ቢከፍቱት ጉዳት የለውም። ይህን በእርስዎና በኮሚቴው ዐይን ፊት እንድፈጽም ለመንሁ። የተከሰሰ ሰው ማስረጃ መንካት እንደማይችል ተነገረኝ። እንግዲያው ከባልደረቦችዎ አንዱ ያሽከርክራት ብል፣ በማንም የሥራ መደብ ዝርዝር ውስጥ እጀታ ማሽከርከር የሚል እንደሌለ ተነገረኝ። ለበላይ አካል አቤት ልበል ብል፣ አቤቱታ የሚሰሙት ሰው ለግምገማ ወጥተው ሰኞ የካቲት 22 ቀን እንደሚመለሱ ተነገረኝ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ዓርብ ነው። ክቡር ሆይ፣ ብዙ ክፍል ያለው ቤት አይቻለሁ፤ በሩ ሁሉ ወደ ሌላ በር የሚከፈት፣ አንዱም ወደ ውጭ የማይከፈት ቤት ግን የእርስዎ የመጀመሪያው ነው።

የሚቀጥለውን ምስጋና ቁጥር አልሰጠውም፤ ከቁጥር በላይ ነውና።

ባለፈው ሰኞ፣ ዕድሜዬን በማክበር፣ አንድ መውጫ እንዳዘጋጁልኝ ገልጸው ወረቀት ላኩልኝ። ብፈርምበት ካሜራው ሳይከፈት ይመለሳል፤ ባልፈርም ዓርብ ይከፈታል። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፤ «እኔ ፈንታሁን ስማቸው ከመናፈሻው ያለ ፈቃድ ማንሳቴን አምናለሁ፤ ያነሳሁትንም በሰባት ቀን ውስጥ ወደ ቦታው እንድመልስ እገደዳለሁ።»

በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ፎቶግራፍ የሚል ቃል የለም። ካሜራ የሚል ቃል የለም። ሙሽራ የለችም፤ ሠርግም የለም። ይህን ወረቀት ከኔ ሞት በኋላ ከመዝገብ ቤት አውጥቶ የሚያነብ ሰው፣ ፈንታሁን ስማቸው የሚባል ሽማግሌ ከሕዝብ መናፈሻ ድንጋይ ሰርቆ ተይዞ ማመኑን ያነባል፤ ትክክልም ያነባል። ከሠላሳ ሰባት ዓመት በላይ የሰውን መልክ ያለ ሰዎቹ ፈቃድ አንድም ቀን አላነሣሁም፤ ያነሣሁትንም ለባለቤቱ ሳልመልስ አላደርሁም። ስለዚህ በዚያው ቀን ወደ ቢሮዎ ወርጄ ሁለት ነገር ብቻ ለመንሁ፤ «ፎቶግራፍ» የሚለው ቃል እንዲጨመርና ፊደሉ እንዲታረም። ወይዘሪት ነፃነት ወረቀቱን ይዘው ወደ እርስዎ ገብተው ሲወጡ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ዋጋ እንደሌለው፣ ወረቀቱም አስቀድሞ ማኅተም ስለ ተመታበት እንዳለ ይፈረም ወይም ይቅር መባሉን ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አባባ፣ እኔ ብሆን የጻፍሁት እንዲህ አልጽፈውም ነበር» አሉኝ። ስለዚህ ቃላቸው በመሥሪያ ቤትዎ አንዳች ነገር እንዳይደርስባቸው አደራዎን።

ከሰኞ ጀምሮ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ሰነበተ። አልፈረምሁም። አልቀደድሁትምም። ደንበኛ ሲገባ በደብተር እሸፍነው፣ ሲወጣ እገልጠው ነበር። ብፈርም ሌባ ነኝ፤ ባልፈርም ደግሞ ሦስት ወር ተኝቶ የከረመን፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ የቆመን ሰው መልሼ የማስተኛው እኔ ነኝ። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀል በትምህርቴ ውስጥ አልነበረም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከድጃ መጣች። ወረቀቱን እንዳታይ ደብተሩን ብስብበት፣ ቀድማ ማንበቧን ከፊቷ ዐወቅሁ። «ጋሼ፣ ይቅር» አለችኝ። «አባባ የእርስዎን ስም አስበልቶ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ደስ አይለውም፤ ያውቁት የለ? አዝራር ትርፍ ቆርጬአለሁ ብሎ ሰው ቤት ድረስ ሄዶ የሚመልስ ሰው ነበር።» ሌላ ነገር አላለችም። ሻይ ላስመጣልሽ ብላት እንቢ አለች። ከበሩ ከደረሰች በኋላ ግን ዞር ብላ «እግሩ አልተንቀጠቀጠም አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ከጎኑ ስለ ቆምሁ አላየሁትም። ሚስባህ አልተንቀጠቀጠም ይለኛል፤ ሊያጽናናኝ ይሁን እውነቱን ይሁን አላውቅም።»

አልተንቀጠቀጠም አልኋት። እርሷም እንደ ባሏ እንዳጽናናኋት ቆጥራ አመስግናኝ ሄደች።

ክቡር ሆይ፣ የአቶ ሙሄዲን እግር አልተንቀጠቀጠም። ይህን በካሜራው መስተዋት በኩል ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ የእኔ ቃል ደግሞ ለልጅቷ የሽማግሌ ማጽናኛ ሆኖባታል። የምታምነው አንድ ምስክር ቢኖር በእርስዎ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ነው፤ እርሱንም ዓርብ በብርሃን ሊጠይቁት ነው።

ስለዚህ ትናንት ማታ ፈርሜአለሁ። «ማንሳቴን» ከሚለው ቃል በታች፣ ከእሳቱ ሰ በታች፣ ስሜን ከነአባቴ በቁም ጽሕፈት ጽፌ ፈርሜአለሁ። አንዲት ነጥብ አልጨመርሁም፤ አንዲት ፊደል አላረምሁም። ነገ ሐሙስ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወርጄ በእጅዎ አስረክባለሁ፤ ካሜራውንም ሳይከፈት እንደ ቃልዎ እረከባለሁ።

ይህን ሁሉ ስላስተማሩኝ፣ በእርጅናዬም አዲስ ነገር ስላስፈረሙኝ፣ ከዋርካው ሥር ለሚሰለፈው ሕዝብ ሁሉ ሰዓትን ስለ ቆረጡለትና ጥላን ስለ ለኩለት፣ ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት ከመናፈሻዎ አጥር ውጭም እንደማይቀንስ እያረጋገጥሁ፣ በፊትዎ ቆሜ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ እጅ እነሣለሁ፤ ለዚህኛው መንሣት ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ ቅጣቱን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።

አክባሪዎ
ፈንታሁን ስማቸው
ፎቶ አንሺ፣ እንዲሁም ከትናንት ወዲህ በፊርማው ያመነ አንሺ

ግልባጭ፦
— ለወይዘሮ ከድጃ ሙሄዲን
— ለአቶ በሺር፣ ጥበቃ ክፍል፤ ቂም እንደሌለኝ እንዲያውቅ
— ከዋርካው ሥር ተራ ለሚጠብቁ ፎቶ አንሺዎች በሙሉ

ድኅረ ጽሑፍ፤ የካቲት 22 ቀን። ይህን ደብዳቤ ከጻፍሁ አምስት ቀን ሆነኝ፤ እስካሁን ሳልልከውና ግልጽ ሳላደርገው ያቆየሁት ካሜራው ከቁም ሣጥንዎ ወጥቶ ፊልሙ እስኪታጠብ ነው፤ በግልጽነት ከእርስዎ ወደ ኋላ ስለ ቀረሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሦስቱም ወጥተዋል። አንደኛው ላይ ዐይናቸውን ጨፍነዋል፤ ሦስተኛው ላይ የበሺር እጅ ከዳር ገብቷል፤ ሁለተኛው ላይ አቶ ሙሄዲን ቀጥ ብለው ቆመው ወደ ልጃቸው ያያሉ። ከድጃ ትናንት ወስዳዋለች፤ ፊታቸውን ሳይሆን አስቀድማ እግራቸውን ነው ያየችው።

የቀረብኝ አንድ ግዴታ ነው። በፈረምሁት ወረቀት መሠረት ያነሣሁትን ወደ ቦታው እንድመልስ የተሰጠኝ ሰባት ቀን የፊታችን ሐሙስ ያበቃል። ያነሣሁት አቶ ሙሄዲንን ነው፤ ቦታቸውም ከዋርካው ሥር፣ ከልጃቸው በስተቀኝ ነበረ። አሁን ያሉት ደሴ፣ ከመቃብር ውስጥ ነው። እኔ ከዚያ የማንሣት ሥልጣን የለኝም። ጽሕፈት ቤትዎ ካለው ቀኑን ብቻ ይቁረጡልን፤ ከድጃና እኔ ከሰዓቱ ቀድመን በሩ ላይ እንገኛለን።